አሰልጣኙ ሰኞ ይመጣል ወይ?

መገናኛ አካባቢ ቢሮ ያላቸው ድርጅቶች በዓመት አንዴ ሠራተኞቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ወግ ሆኗል። ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አሰልጣኙ "ለውጥ ከራስ ይጀምራል" ይለናል፣ ከምሳ በኋላ ደፋር የሆነ ዚፕላይን ይወጣል። ማታ የቴሌግራም ግሩፑ በፎቶ ይጥለቀለቃል። እኔም ሄጃለሁ፣ ደስ ይላል። አየሩ ብቻውን ይበቃል። ግን ይሄ ሽርሽር ነው። ሽርሽር ተብሎ ቢጠራ ማን ይጠላል? ችግሩ በጀቱ ላይ "የሠራተኞች አቅም ግንባታ ስልጠና" ተብሎ መመዝገቡና የዓመቱ ስልጠና በዚያው መዘጋቱ ነው።

"ታዲያ ገንዘቡ የድርጅቱ አይደል፣ አንተን ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። ብዙ ቦታ ስልጠና ሲሰጥ የግዴታ ውል ይፈረማል። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ቀን የኤክሴል ስልጠና የአንድ ዓመት ግዴታ አስፈርመውናል። አንድ ባልደረባዬ ከአምስት ወር በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘ። "የስልጠናውን ወጪ ካልከፈልክ መልቀቂያ የለም" ተባለ። ልጁ የተማረውን ከዩቲዩብ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ አልጠበቀውም። መጥፎ ስልጠና የሰው እግር ያስራል የምለው ለዚህ ነው።

አሰልጣኝ ድርጅት እንዴት እንደሚመረጥ ያየ ሰው ብዙም አይገረምም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ለፎቶኮፒ ወረቀት ይሄ መንገድ ይሠራል፤ ወረቀት ወረቀት ነው። ስልጠና ግን የሚሸጠው በሰው ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ የአንድ ዶክተር ሲቪ ይያያዛል፣ በቀኑ ማይኩን ይዞ የሚቆመው ሌላ ወጣት ይሆናል። ወጣቱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም አልመረጠውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ትጠይቃላችሁ?" ሳይሆን "ማን ነው የሚመጣው? የኛን ሥራስ አይቶታል ወይ?" ቢሆን ይሻላል። የባንክ ገንዘብ ከፋይን የሚያሰለጥን ሰው ግማሽ ቀን ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ ወረፋውን ሳያይ ስለ ደንበኛ አያያዝ ምን ሊነግራት ነው?

በዚሁ እንጦጦ ላይ ማለዳ የሚሮጡትን አትሌቶች አስቡ። እነ ደራርቱን፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን ያሰለጠኑትን ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬን በሰርተፍኬት የሚያስታውሳቸው የለም። አሰልጣኝ የሯጩን ሰዓት ከስልጠናው በፊት ያውቃል፣ በኋላም ይለካል። ከወር በኋላ ያው ሰዓት ከመጣ የሚያስመስለው ነገር የለም።

ለመሥሪያ ቤትም ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ የቱኒዚያ የካይዘን ልምድ ሲቀርብ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ወደዱትና ጃፓኖችን "ለኛም" አሉ። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 30 ፋብሪካዎች ለሙከራ ተመረጡ፣ 28ቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ለኔ ዋናው ነገር አሠራራቸው ነው። አማካሪዎቹ ሠራተኛውን ሆቴል አልጠሩትም፤ ፋብሪካው ውስጥ ገቡ፣ ተመላለሱ። ዕቃ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ፣ የሚበላሸው ምርት ከስልጠናው በፊትና በኋላ ተለካ። ውጤቱም እኩል አልነበረም፣ ድርጅቶቹ በደረጃ ተለዩ። ስለተለካ ነው ማን እንደተሻሻለ፣ ማን እንዳልተሻሻለ የታወቀው። (ዛሬ አምስቱ "ማ"ዎች በስንቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ፖስተር ብቻ ሆነው እንደቀሩ ሌላ ቀን እናወራለን።)

ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ላምበረት አካባቢ የኢፌዴሪ ቴክኒክና ሙያ ስልጠና ኢንስቲትዩት አለ፤ የሙያ አሰልጣኞችን ራሳቸውን የሚያሰለጥን ተቋም ነው። በሲኤምሲ መስመር ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮተቤ ላይ የትምህርት ዩኒቨርሲቲው አሉ። ወርክሾፕ ያለው ድርጅት ሆቴል ከመከራየቱ በፊት የእነዚህን በር ቢያንኳኳ ምን ይጎዳል? ለኮምፒውተር ነክ ነገር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ አለ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት በኦንላይን፣ በነፃ ተሰጥቶበታል። በነፃ የተገኘን ትምህርት በብር የገዛ ቢሮ አውቃለሁ፤ ስሙን ተዉት። እርግጥ በስልክ የሚወሰድ ኮርስ ጀምሮ መተው ቀላል ነው። ከሥራ በኋላ ደክሞህ፣ ፓኬጅህ አልቆ፣ የምትጠይቀው ሰው ሳይኖር አይገፋም። ድርጅቱ በሳምንት ሁለት የሥራ ሰዓት ቢፈቅድና ፓኬጁን ቢሞላ ግን ከአንድ ቀን አዳራሽ ኪራይ አይበልጥም።

ለአሰልጣኞቹም ልፍረድላቸው። ክፍያቸው ወራት ይዘገያል። አለቃ ስልጠናው መሃል ደውሎ ሰው ያስወጣል፣ እሱ ራሱ መክፈቻ ንግግር አድርጎ ይጠፋል፣ ከዚያ "ለውጥ አላመጡም" ይላል። ውሉ ለሁለቱም ወገን ይሁን፦ ግማሹ ክፍያ በሰዓቱ፣ የቀረው አሰልጣኙ ከወር በኋላ ተመልሶ፣ ሥራው ቦታ ላይ ምን እንደተቀየረ አብሮን ካየ በኋላ። ይሄን ሲሰማ የሚሸሽ አሰልጣኝ ካለ፣ ያው ፕሮፎርማው ራሱን አጣራ ማለት ነው። የግዴታ ውሉም ከዚያች ቀን በኋላ ይፈረም፤ ምንም ካልተቀየረ ደግሞ ጭራሽ አይፈረም።

እኛስ? ኤችአር በዓመት አንዴ "ምን መሰልጠን ትፈልጋላችሁ?" የሚል ፎርም ይበትናል። አብዛኛው ሰው "ኮሙኒኬሽን ስኪል" ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ዘንድሮ "የተናደደ ደንበኛ ደውሎ ሲስተሙ ሲቋረጥ ምን እንደምለውና ችግሩን ለማን እንደማስተላልፍ" ብዬ ጽፌያለሁ። ኤችአሯ አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ "ይሄን እኮ የሚያሰለጥን ድርጅት አላውቅም" አለችኝ። የአይቲው ኃላፊ ግን ሐሙስ ከሰዓት ሊያሳየን ቃል ገብቷል፣ ያለ ፕሮፎርማ።