ልጁ ሲጨፍር ወላጁ የት ነው?

በፎገራ ሜዳ የሩዙ አዝመራ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ በወረታ ዙሪያ የሠርግ ዳስ ይጣላል። ዳሱ ውስጥ ለልጆች እስክስታ የሚያስተምር ሰው የለም። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እናቶች እያጨበጨቡ እልል ይላሉ፤ ልጁም በአዋቂዎች መካከል ሾልኮ ገብቶ ትከሻውን ይሞክራል። ቢያበላሽ የሚቆጣው የለም፤ ሲያምርለት ግን እልልታው ይጨምራል። በቡሄ ሆያ ሆዬ እያለ ሲዞርም ጎረቤቱ ሙልሙል ይዞ ይጠብቀዋል። ልጁ ጭፈራን የሚለምደው አዋቂ ከቦት ነው።

በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ በቅዳሜ የእስክስታ ትምህርት ለመተካት ይጥራሉ፤ ጥረታቸው የሚመሰገን ነው። የማልስማማው ልጁን በር ላይ አውርደው መኪና ውስጥ ስልክ እየነካኩ ሰዓቱ እስኪደርስ በመጠበቃቸው፣ በዓመቱ መጨረሻም መድረኩን በቪዲዮ ቀርጸው በመመለሳቸው ነው። ልጁ እንቅስቃሴውን ይማራል፤ ከማን ጋር፣ መቼና ለምን እንደሚጨፈር ግን ማን ያሳየዋል? እስክስታው እንደ ካራቴው አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይሆንበታል፤ ሲሰለቸው ይተወዋል።

እስራኤልን እንመልከት። ተመራማሪዋ ሩት ኤሼል ከጎንደር አካባቢ የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን ጭፈራ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከወጣቶቻቸው ጋር «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቡድን አቋቁመዋል። ወጣቶቹ መድረክ ላይ የወጡት የወላጆቻቸው ትከሻ ገና ጭፈራውን ሳይረሳ ነው። አየርላንዳውያንም እ.ኤ.አ. በ1897 ለንደን ውስጥ «ኬይሊ» የተባለውን የጭፈራ ምሽት ሲጀምሩ የተሰበሰቡት አዋቂዎች ነበሩ፤ ለልጆቻቸው ብቻ መምህር ቀጥረው አልተቀመጡም።

«ሁለት ሥራ እየሠራሁ በየት በኩል?» የሚል ወላጅ እውነት አለው። ግን ያ ወላጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሰዓት እየጠበቀ ነው፤ እኔም የምለው ያንኑ ሰዓት ነው። «እኔ ራሴ አልችልም፣ ያደግሁት ከተማ ነው» የሚለው ደግሞ ዳሱን ያስታውስ፤ እዚያ ከሚያጨበጭቡት ብዙዎቹ ጎበዝ ጨፋሪ አይደሉም፣ ጭፈራው ግን ያለ እነሱ አይደምቅም። በሃይማኖቱ ምክንያት ዘፈን የማይወድ ቤተሰብ ካለ ልጁን ባይልክ ይሻላል፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ፣ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ተሰልፎ ወደ ተመልካች የሚዞር የቴአትር ቤት ውዝዋዜ እንጂ የገጠሩ ጭፈራ አይደለም የሚለው ነው። ልክ ነው። ሰልፉን ፈትቶ ወደ ክብ የሚመልሰው ግን መምህሩ ብቻውን ሳይሆን አብሮት የሚገባው አዋቂ ነው።

ስለዚህ መምህራን የክፍለ ጊዜውን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ለወላጆች ይልቀቁ፤ ከበሮው ይመታ፣ አባትም እናትም ገብተው ያጨብጭቡ፣ ይቀበሉ። እናንተም ወላጆች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመኪናው ውረዱ።