የመቃጠል ሽታና የተማረ እጅ

በከተማ ቤተሰቦች ዘንድ የማይክሮዌቭ ምድጃ ዛሬ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ምድጃው አንድ ቀን የመቃጠል ሽታ ያመጣ እንደ ሆነ በብዙ ቤት የሚሆነው ይመሳሰላል። ሳይንስ የሚማረው ልጅ ተጠርቶ «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ፈትተህ እየው» ይባላል፤ ካቻቢቴም ይቀርብለታል። እህቱም ብትጠራ ነገሩ ያው ነው። አቋማችን አጭር ነው። ሽታውን መመርመር የተማረ ሰው ግዴታ ነው፤ የምድጃውን የቆርቆሮ ሽፋን መፍታት ግን የዕውቀት ማሳያ ሊሆን አይገባውም እንላለን።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ መመልከት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ የሬይቴዎን ኩባንያ መሐንዲስ፣ ለራዳር ይሠራ የነበረው ማግኔትሮን ምግብ ማብሰል እንደሚችል ተገንዝቦ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ። የዛሬው የቤት ምድጃም በዚያው መሣሪያ ይሠራል። ማግኔትሮኑ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ የሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ያመነጫል። ለዚህም በተለመደው ዓይነት ምድጃ ውስጥ ትራንስፎርመር ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 2,000 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ካፓሲተርና ዳዮድ ተባብረው ደግሞ ወደ 4,000 ቮልት ያስጠጉታል። ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለው እንግዲህ ይህ ነው።

ሽታ መረጃ ነው። ዕጣን አጭሶ ወይም ሎሚ ቆርጦ ከመሸፈን በፊት ሊነበብ ይገባዋል። የመጀመሪያው እርምጃ ምድጃውን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል ነው። በውስጡ ነበልባል የታየ እንደ ሆነ በሩን መክፈት አየር መጨመር ስለሆነ፣ እሳቱ እስኪጠፋ በሩ ተዘግቶ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ሽፋኑን ሳይነኩ በሦስት ቦታዎች ምርመራ ማድረግ ይቻላል።

አንደኛው ቦታ የምድጃው ውስጠኛ ክፍል ነው። በጎን ግድግዳው ላይ ማይካ ከተባለ ማዕድን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ይገኛል፤ ሞገዱ የሚገባበትን አፍ የሚሸፍነው እሱ ነው። የወጥ ቅባት ተፈናጥሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሲደርቅ ውሎ አድሮ ይከስላል። ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሞገዱ በዚያ ቦታ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው ይበልጥ ያከስላል። ሰሌዳው ቆሽሾ ብቻ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል፤ ከተበሳ ወይም ከጠቆረ ግን መለወጥ አለበት። ምድጃውን ባዶውን መሞከርም ስሕተት ነው። ኃይሉን የሚቀበል ምግብ ወይም ውኃ ሲጠፋ ሞገዱ ወደ ማግኔትሮኑ ይመለስና ያግለዋል።

ሁለተኛው ቦታ ግድግዳው ነው። 1,500 ዋት የሚወስድ ምድጃ ከ220 ቮልት መስመር 7 አምፒር ያህል ኮረንቲ ይስባል። የሶኬቱ መገናኛ ላልቶ 1 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ቢፈጥር፣ በተማርነው ቀመር መሠረት ሰባትን በሰባት አባዝተን 49 ዋት ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። ይህም ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃው በአንድ ማከፋፈያ የተሰኩ እንደ ሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ሶኬቱ ከጋለ ወይም መልኩ ከተለወጠ፣ የሸተተው ምድጃው ሳይሆን መስመሩ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቦታ ከጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ምድጃ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ብዙዎች ቮልቴጅ መቀነሻ ከገዙ ነገሩ የተጠናቀቀ ይመስላቸዋል። መቀነሻው ግን ድግግሞሹን አይለውጥም፤ የአገራችን መስመር 50 ኸርዝ ነው። በትራንስፎርመር የብረት እምብርት ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ድግግሞሹ ሲቀንስ ይጨምራል። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ጭማሪው 20 በመቶ ነው። እምብርቱ ከአቅሙ በላይ ይሞላል፤ ጥቅልሉ ትርፍ ኮረንቲ ይስባል፤ በሽቦው ላይ የተቀባው ቫርኒሽም ግሎ መሽተት ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ምድጃ ካቻቢቴ አያድነውም፤ ጽሑፉን ማንበብ ግን ከመግዛትም ከማስመጣትም በፊት ያድናል።

ከሦስቱ በአንዱም ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ሽታውም ከአየር ማስወጫው የሚመጣ ከሆነ፣ የተማሪው ምርመራ በዚህ ያበቃል። ካፓሲተሩ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ክምችቱን የሚያፈስ ሬዚስተር ቢገጠምለትም እንኳ፣ ሬዚስተሩ መበላሸቱ ከውጭ አይታወቅም። ሽፋኑ ተፈትቶ ምድጃው ሲበራ ደግሞ ትራንስፎርመሩ የሚሰጠው ኮረንቲ ልብን ለማቆም ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል።

አንዳንድ አንባብያን «ሳይንስ የሚለመደው በመፍታትና በመግጠም አይደለምን?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ፈትቶ ያልገጠመ ተማሪ ብዙ ቀርቶበታል። ነገር ግን ሬዲዮው ስሕተትን ይቅር ይላል፤ ይህ ምድጃ አይልም። «እስከዚህ ድረስ መርምሬአለሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው» ብሎ ለአባትና ለእናት መናገር ድፍረትን ይጠይቃል፤ ያልተማሩ የመምሰል ሥጋትም አለበት። እኛ ግን ይህን መልስ የትምህርት ፍሬ አድርገን እንቆጥረዋለን።

የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ክፍሎችም ድርሻ አላቸው። ካፓሲተራቸው በባለሙያ እጅ ባዶ የተደረገና ዳግመኛ ኤሌክትሪክ የማያገኙ አሮጌ ምድጃዎች በቤተ ሙከራ ተከፍተው ቢታዩ፣ የተማሪው ጉጉት በቤት ኩሽና ውስጥ ብቻውን መፈተን አይኖርበትም። ወጪው ትንሽ ነውና ክፍሎቹ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ቢያስቡበት እንወዳለን።