ልቡናን መመርመር

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ስለ ሃይማኖት ደም በፈሰሰበት ወራት፣ የአክሱሙ መምህር ዘርዐ ያዕቆብ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ 2 ዓመት መቀመጡን «ሐተታ» የተባለው የግዕዝ ድርሳን ይተርካል፤ ደራሲው ጣሊያናዊው ካፑቺን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ድርሳኑ የሚያነሣው ጥያቄ ክብደት በዚህ አይቀልም። ሁሉም የየራሱን ሃይማኖት ርትዕት ሲል ፈራጁ ማን ነው? ዘርዐ ያዕቆብ መልሱን ከአበው ትውፊት ሳይሆን ፈጣሪ በሰው ልቡና ካኖረው ብርሃን ፈለገ፤ ጾሙንና ምንኩስናውን ሳይቀር በዚያ መዝኖ ነቀፈ።

እኔ እንደ እርሱ ጾምን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ራሱን ሳይመረምር የሚጾምና የሚመጸውት ሰው ምግባሩን ልቡን ላለማየት መጋረጃ እንዳያደርገው እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም፣ ልጅ የእምነቱን ምክንያት ሲጠይቅ እንዳይገሥጹት እለምናለሁ።