ስለ ግብር ሰብሳቢው እጅና ስለ ባለሥልጣን ትእዛዝ

መንግሥት ያለ ግብር ሊቆም እንደማይችል የታወቀ ነገር ነው። ወታደሩ የሚለብሰው፥ መምህሩ የሚከፈለው፥ መንገዱ የሚጠረገው፥ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት የሚገዛው ከሕዝብ በሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ግብር ሰብሳቢው ከሌላው የመንግሥት ሹም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰውን መዝገብ ገልጦ ሊመረምር፥ ዕቃውን ሊይዝ፥ ሱቁንም ሊያሽግ ሕግ የፈቀደለት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሥልጣን ለሕግ ሲታዘዝ አገርን ያለማል፤ ለአንድ ባለሥልጣን ፈቃድ ሲታዘዝ ግን ወዳጅን የሚሸሽግ፥ ጠላትን የሚያስጨንቅ መሣሪያ ይሆናል።

ይህ ጭንቀት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማቸውን ይዘው በነበሩበት ዘመን ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ ቀለቡን ከባለቤቱ ጎተራ ይወስድ ነበር፤ ገበሬውም ነገ ምን ያህል እንደሚወሰድበት አያውቅም ነበር። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን ባደከመ ጊዜ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ዓመት፥ ንጉሠ ነገሥቱ የዐሥራትን ድንጋጌ አወጡ። ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት እንዲያገባ፥ ወታደሩም ቀለቡን ከመንግሥት እንዲቀበል ታዘዘ። ድንጋጌው በየስፍራው እኩል ባይፈጸምም ምክንያቱን ልብ ማለት ይገባል። ሕዝብ ከግብሩ ብዛት ይልቅ የሚመረረው ልክ በሌለውና በሰው ፈቃድ በሚጨመርና በሚቀነስ ግብር ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. ሦስት መሥሪያ ቤቶች ተጣምረው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በመገናኛ አካባቢ ነበረ። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት 2 ቀን፥ የሚኒስትር ማዕርግ የነበራቸው ዋና ዳይሬክተሩ አቶ መላኩ ፈንታና ምክትላቸው አቶ ገብረ ዋህድ ወልደ ጊዮርጊስ ከሌሎች ሹማምንትና ከታወቁ ነጋዴዎች ጋራ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ተነጋገረ። አንዱ ወገን፦ ይህ ሕግ ከትልቅ ሰው ቤት መግባቱን የሚያሳይ ነው አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፦ በገዥው ግንባር ውስጥ ያሉ ወገኖች እርስ በርሳቸው መጣላታቸው ነው እንጂ ነገሩ የገንዘብ አይደለም አለ።

ክርክሩ በፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ቆየ። የሚኒስትር ማዕርግ ያለው ሰው በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለው ሕግ የይግባኝ መብቱን ያሳጣዋል ወይስ አያሳጣውም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፥ ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ2006 ዓ.ም. ክሱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ ወሰነ። በመጨረሻ በ2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ሁለቱም ተፈቱ፤ አቶ መላኩም በ2014 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

እኛ እዚህ ላይ ማንንም ልንከስ ወይም ልናነጻ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጥ ነው፤ ከ5 ዓመት እስራት በኋላ ነገሩ ጥፋተኛ ናቸው ወይም ንጹሓን ናቸው በሚል ፍርድ አልተዘጋም። የተወሰደ ገንዘብ ከነበረ ሕዝብ እውነቱን ሳያውቅ ቀረ፤ የተወሰደ ካልነበረም የሰው ዕድሜ በከንቱ ጠፋ። ከሁለቱ ማናቸውም ቢሆን ጉዳት ነው። ሹመቱንም ሽረቱንም፥ ክሱንም ክሱን ማቋረጡንም የሚያዝዘው አንድ እጅ መስሎ በታየ ጊዜ፥ በእውነት የተደረገው ፍርድ እንኳ ከቂም አይለይም።

በዚያው ዘመን በመሥሪያ ቤቱ የነበረውን የሠራተኛ አስተዳደር መመልከት ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። በደንብ ቍጥር 155 አንቀጽ 37፥ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ የተለመደውን የዲሲፕሊን ሥርዐት ሳይከተል እንዲያሰናብተው ተፈቅዶለት ነበር፤ የተሰናበተውም ሰው በማንኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም ነበር። የደንቡ ዓላማ ሌባን በቶሎ ለማስወገድ እንደ ነበር እናምናለን። ነገር ግን ያለ ይግባኝ የሚሰናበት ጸሐፊ፥ የእገሌን መዝገብ ተወው፥ የእገሌን መርምር የሚል ቃል ከበላዩ ሲመጣበት በምን ድፍረት እምቢ ይላል? ሌባውን ያስፈራል የተባለው በትር ሐቀኛውንም ዝም ያሰኘዋል።

የሚያስደንቀው፥ አቶ መላኩ በተያዙበት በዚያው ቀን፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሜይ 10 ቀን 2013 ዓመት፥ በአሜሪካ አገርም ተመሳሳይ ነገር መነሣቱ ነው። ከግብር ነጻ ለመሆን የሚያመለክቱ ማኅበሮችን የሚመረምረው ክፍል አለቃ ሎይስ ለርነር፥ ቲ ፓርቲ የሚል ስም የያዙ የተቃዋሚ ወገን ማኅበሮች በስማቸው እየተመረጡ ከመጠን በላይ መመርመራቸውን ገልጠው ይቅርታ ጠየቁ። በ4ኛው ቀን የመርማሪው ጽሕፈት ቤት ዘገባ ለሁሉ ታተመ፤ የመሥሪያ ቤቱም ተጠባባቂ ኃላፊ ሥራቸውን እንዲለቁ ሆነ። በ2015 ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሚከሰስ ሰው አላገኘሁም ብሎ ምርመራውን ዘጋ፤ በ2017 ዓመት የወጣው ሁለተኛ ዘገባ ደግሞ የሌላው ወገን ማኅበሮችም በስማቸው ተመርጠው እንደ ነበር አሳየ። በዚያም አገር ክርክሩ ፈጽሞ አልበረደም፤ ሆኖም ማንም ሰው ዘገባውን አንብቦ በራሱ አእምሮ ሊፈርድ ይችላል። ደግሞም ከፕሬዚደንት ኒክሰን ጥፋት ተምረው በ1998 ዓመት ባወጡት ሕግ፥ ፕሬዚደንቱም ሆነ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች የአንድን ግብር ከፋይ ምርመራ ጀምሩ ወይም አቁሙ ብለው እንዳይጠይቁ ከልክለዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰውም ሠራተኛ እንዲያስታውቅ አዝዘዋል።

ምናልባት፦ ግብር ሰብሳቢው የመንግሥት አገልጋይ ነውና ለመንግሥት መታዘዝ ይገባዋል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ግብሩ ምን ያህል ይሁን፥ በየትኛው ንግድ ላይ ይጣል፥ ለማን ይቅለል የሚለውን በዐዋጅ መወሰን የመንግሥትና የምክር ቤት ሥራ ነው። የእገሌ መዝገብ ዛሬ ይከፈት፥ የእገሌ ይዘጋ ማለት ግን የማንም ባለሥልጣን ሥራ አይደለም። የፊተኛው ለሁሉ የሚነገር ሕግ ነው፤ የኋለኛው በጆሮ የሚነገር ምስጢር ነው።

የዚህ ምስጢር ዋጋ በትልልቆቹ ላይ ብቻ አይቀርም። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ ባለው በየካ ክፍለ ከተማ፥ በሾላ ገበያ ሱቅ ዘርግቶ የሚኖር ሰው፥ ትልቁ ነጋዴ በአንድ የስልክ ቃል ዕዳው ተሰረዘለት የሚል ወሬ ሲሰማ፥ እኔስ ስለ ምን ሽያጬን በእውነት እመዘግባለሁ ማለቱ አይቀርም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የትንንሾቹ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ተገምቶ በተነገራቸው ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ አቤቱታ ተሰማ፤ በኦሮሚያም በብዙ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የግብር አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 983 ወደ ይግባኝ ኮሚሽን የሚሄድ ሰው ከሚከራከርበት ግብር ከ100 እጅ 50 እጁን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ግምቱ በቂም ወይም በትእዛዝ የተደረገ ቢሆን፥ ድኻው ፍርድ ከማግኘቱ በፊት ይጐዳል ማለት ነው።

ባለሥልጣኑ በ2011 ዓ.ም. ወደ ገቢዎች ሚኒስቴርና ወደ ጉምሩክ ኮሚሽን ተለውጧል። የስም መለወጥ ግን ብቻውን አይበቃም። ከላይ የሚመጣ ማናቸውም ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚመረመረውም ሰው አስቀድሞ በተጻፈ መለኪያ ይመረጥ። እምቢ ያለ ጸሐፊ አቤት የሚልበት ዳኛ ይኑረው። የተጀመረ ክስ በፍርድ ይፈጸም፤ የሚቋረጥም ከሆነ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር።

ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከተወሰነው አልፈው እንዳይወስዱ ግን አዘዛቸው። ካህናት ይህን ለምእመናን ሲያስተምሩ፥ ግብር መክፈል ግዴታ መሆኑን ከመንገር ጋራ፥ ልክን ማለፍም ኃጢአት መሆኑን አብረው ይንገሩ። በወንበር ላይ ያላችሁም ሹማምንት፥ የግብር ጸሐፊውን በስልክ ለመጥራት እጃችሁን ስትዘረጉ፥ ነገ ወንበሩን ሌላ ሰው እንደሚይዘውና የእናንተም መዝገብ በዚያው ቤት እንደሚገኝ አስታውሱ እንላለን።