ሻዩን ገድለን በስኳር እንቀብረዋለን

አስኮ መንገድ ዳር ጠዋት ጠዋት ሻይ የምጠጣበት ቦታ አለኝ። ማንቆርቆሪያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሳ ከከሰል ላይ አይወርድም። ሲጎድል ውኃ፣ ሲቀጥን የሻይ ቅጠል ይጨመርበታል፤ አሮጌው ቅጠል ግን አይደፋም። ረፋድ ላይ የሚቀዳልን ነገር ጥቁር፣ ምላስ የሚያደርቅ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አይዋጥም። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ስኳር ተወደደ!» እንላለን።

ተወዷል፣ አልክድም። ግን የምንጨምረው ስኳር ራሳችን ያመረርነውን ለመሸፈን ነው።

«ሻይ ያው ሻይ ነው» የምትለኝ ወንድሜ፣ የምጽፈው ላንተ ነው። አንተው ነህ ቡናው ትንሽ ካረረ፣ ሳይሰክን ከተቀዳ ፊትህን የምታጠቁረው። አቦልን ከቶና፣ ቶናን ከበረካ በአንድ ፉት ትለያለህ። ሻይ ላይ ስትደርስ ያ ሁሉ ምላስ የት ይሄዳል?

ቻይናዎች ለሻይ የሚያደርጉት እኛ ለቡና ከምናደርገው ብዙም አይርቅም። ጋይዋን በሚሏት ባለክዳን ትንሽ ሲኒ ቅጠሉን በዛ አድርገው ይጨምራሉ፣ ሙቅ ውኃ ያፈሱበታል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይቀዳሉ። በዚያው ቅጠል ላይ እንደገና፣ ደግሞም እንደገና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ይሄው አይደል? አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ ከአንድ ተክል ነው የሚገኘው፤ ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ የሚደረግለት ነው። አረንጓዴው ሳይጠቁር ቶሎ በሙቀት ስለሚያዝ 80 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ውኃ ይበቃዋል፤ የፈላ ከፈሰሰበት ይመራል። ኡሎንግና ፑኤር ግን ትኩስ ይወዳሉ። የዪሺንግ ሸክላ ጀበና ያለው ሰው ደግሞ ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ ይለየዋል፣ ሸክላው ጠረን ስለሚይዝ። የእኛስ እናቶች በቡና ጀበና ሻይ ያፈላሉ? «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ፣ «የቻይና» ማለት ነው። ዕቃውንም ስሙንም ወስደን ጥንቃቄውን ለቡና ብቻ ሰጠነው።

ቻይናን አምልኩ እያልኩ አይደለም። መንገድ ሥራ ላይ ያየኋቸው ቻይናውያን ምንም ሥነ ሥርዓት የላቸውም፦ ቅጠሉን ኮዳ ውስጥ ጣል፣ ሙቅ ውኃ ሞላ፣ ሲያልቅ ደግሞ ሞላ። ቀኑን ሙሉ በዚያች ቅጠል ይውላሉ። ግን ከሰል ላይ አይቀቅሏትም፣ ስኳርም አይጨምሩባትም።

«ቅመሙ ባህላችን ነው» የሚል ይመጣል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሻይ መጽሐፍ የጻፈው ቻይናዊው ሉ ዩ፣ ሻይን ከሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር የሚቀቅሉትን አጥብቆ ነቅፏል። የእኛን ቢያይ አይምረንም ነበር። እኔ ግን እዚህ ላይ ከሉ ዩ ጋር አልስማማም። ቀረፋና ቅርንፉድ መፍላት ይወዳሉ፤ ይፍሉ። የማይወደው ቅጠሉ ነው። ቅመሙን አፍሉት፣ ከእሳት አውርዱት፣ ከዚያ ቅጠሉን ጨምሩና ክደኑት። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። አለቀ።

ቅጠሉ ደግሞ የራሳችን ነው። ከካፋ ውሽውሽ፣ ከኢሉባቦር ጉመሮ የሚመጣው ሻይ በአብዛኛው ደቅቆ የተጠቀለለ ስለሆነ ቀለሙንም ጣዕሙንም በደቂቃዎች ይሰጣል። ግማሽ ቀን መቀቀል ለቃሚው የደከመበትን ማቃጠል ነው። ያንኑ አበላሽተን «የአገር ሻይ አይረባም» እንላለን፤ ከዚያ ካፌ ገብተን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለተነከረች ባለክር የውጭ ከረጢት ስንት እጥፍ እንከፍላለን። «ግሪን ቲ ያከሳል» እያሉ በየስልካችን የሚቸረችሩትን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።

ባለፈው ለሻይ ሻጯ ይህንኑ ነገርኳት። «እትዬ፣ በትንሽ በትንሹ ለምን አታፈዪውም?» ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ ካልጠቆረ ውኃ ሸጠችልን ይሉኛል።» እውነቷን ነው። በዓይናችን የምንጠጣው እኛ ነን፤ እሷማ የምንከፍላትን ቀለም ነው የምትሰጠን።

ትናንት ለብቻዬ በትንሽ ድስት አፈላችልኝ። መልኩ ቀላ ያለ፣ ቀረፋው ከሩቅ የሚጣራ። ግማሽ ማንኪያ ስኳር በቃኝ። አጠገቤ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር ብርጭቆዬን አይቶ «ይሄ ምኑ ሻይ ነው?» አለኝ። አቀመስኩት። ትንሽ አሰበና «ጥሩ ነው» አለ፣ «ስኳር ብቻ አንሶታል።»