ጋምቤላ፦ ነዋሪዋ የበይ ተመልካች የሆነባት ከተማ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ጋምቤላን ከተማ ያደረገ አንድ አንቀጽ አለው። በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳርቻ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣል ይላል። ቦታው የንግድ ጣቢያ እንጂ የፖለቲካም ሆነ የጦር ሥራ እንዳይካሄድበትም ይከለክላል። አንቀጹ ሜትር ቆጥሯል፤ ሄክታር ለክቷል፤ በዚያ ዳርቻ ሲያርስና ዓሣ ሲያጠምድ የኖረውን አኙዋክ ግን በስም እንኳ አላነሳም።

ከዚያ በኋላ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየወጡ ሸቀጥ አራገፉ፤ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ተመለሱ። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ከሱዳን የሚላክ እንግሊዛዊ ሹም ነበር። በመካከሉ ጣሊያን ገባ፤ ወጣም። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራይ ውሉ ምክንያቱን አጣና ከተማዋ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ኢሉባቦር ሥር ሆና ከጎሬ፣ ኋላም ከመቱ ታዘዘች። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ የክልል ርእሰ ከተማ ሆነች።

ባንዲራው ተቀያየረ፤ የሹሙ ቋንቋ ተቀያየረ። ያልተቀየረው አንድ ነገር ነው፦ ከተማዋን ማን ያስተዳድር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከነዋሪው በላይ ያለ ሰው መሆኑ!

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ተግባሩስ? በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። በ2010 ሊደረግ የሚገባው ተራዘመ፤ በ2011 ዳግመኛ ተገፋ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የጋምቤላ ነዋሪ ለፌዴራሉና ለክልሉ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ የራሳቸውን የከተማ ምክር ቤት የመረጡት አዲስ አበቤዎችና ድሬዳዋዎች ነበሩ። ውኃው ሲቋረጥ፣ የጎርፍ ቦዩ ሲደፈን፣ መሬቱ ሲታደል የሚጠየቀውን ሰው መምረጥ ለጋምቤላዊ ሲሆን ቅንጦት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሹማምንቱ «ሚዛን» የሚሉት ነገር አላቸው። ወንበር በብሔር ይደለደላል፤ ይህ ለአኙዋክ፣ ያ ለኑዌር። የታሪክ ቁስል ባለበት አገር ድልድል አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በድልድል የተሾመ ሰው ተጠሪነቱ ለደለደለው እንጂ ለሰፈሩ አይደለም። ከተማዋም የጋራ ቤት መሆኗ ቀርቶ የክልሉ ፖለቲከኞች የሚሻሙባት ምርኮ ትሆናለች።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጀመረው የአኙዋኮች ጭፍጨፋ እስከ 424 ሰዎች መሞታቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከተማዋን ባጠቁ ጊዜና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሲቪሎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። የከተማ ምክር ቤት ብቻውን ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር የሚል የዋህነት የለኝም። ግን በማግስቱ ሟች የቀበረው ነዋሪ «አንተን የመረጥኩህ እኔ ነኝ፤ መልስ ስጠኝ» የሚለው ሰው በከተማው አስተዳደር ውስጥ ሊኖረው አይገባም ነበርን?

«ነዋሪ ሁሉ እኩል ከመረጠ ደገኛው በቁጥር ይውጠናል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። ሥጋቱ በባዶ ሜዳ አልበቀለም። በደርግ ዘመን፣ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ሲጓጓዙ ነባሩን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም። ነገር ግን የሥጋት መድኃኒቱ ዋስትና እንጂ የድምፅ ሣጥኑን መቆለፍ አይደለም። በሐረሪ ክልል ምክር ቤት ከ36ቱ መቀመጫዎች 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የተለዩ ናቸው። እንከን የለሽ ሥርዓት ባይሆንም አንድ ነገር ያስረዳል፤ ለነባር ሕዝብ መቀመጫ መጠበቅና የሌላውን ነዋሪ ድምፅ ማክበር በአንድ ጣራ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። ለአኙዋክ፣ ለኑዌር፣ ለማጃንግ፣ ለኦፖና ለኮሞ መቀመጫ ይጠበቅ፤ የቀረውን ግን በከተማዋ የሚኖር ዜጋ ሁሉ ይምረጥ።

«መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ምርጫ» የሚለን ሹም ሰላሙ ከየት እንደሚመጣ ይንገረን። በሹመት ብቻ የኖርንበት ዘመን ሰላም ካላመጣ፣ ያንኑ ማራዘም ምን ይፈይዳል? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ የራሱ መንግሥት ድምፁን ያቀለለበትን ነዋሪም ማንም ታጣቂ አያከብረውም።

የ1894ቱ ውል ነዋሪውን ያልቆጠረው ባዕድ ነጋዴ መሬት ሊከራይ ስለመጣ ነው። ዛሬ በራሳችን ሕገ መንግሥት ሥር ነዋሪውን የማይቆጥሩት ምን ሊሉን ነው? የከተማው ምርጫ ቀን ይቆረጥ!

ቸር ይግጠመን።