ሁለቱን ድንጋዮች ወዴት ላምጣቸው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ አዘዞው ገነተ ኢየሱስ ጥቂት የምለው ስላለኝ ይህችን ደብዳቤዬን በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የጠዳ ተወላጅ ነኝ። ከጠዳ ወደ ጎንደር ሲኬድ በመንገድ ላይ የምትገኘው አዘዞ ለብዙው መንገደኛ የአውሮፕላን ማረፊያ እንጂ ሌላ አይደለችም። በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የፈረሰ ግንብ ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት ከዚያ ነበር። በቅጥር የታጠረ የአትክልት ቦታና ሰፊ የውኃ ገንዳ ነበረው፤ በገንዳውም ውስጥ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ቤት ቆሞ ነበር። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በመቀበላቸው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ሲሞቱም የተቀበሩት በዚያው በገነተ ኢየሱስ ነው። በጥምቀት ዕለት በልጃቸው በፋሲል ስም የሚጠራውን መዋኛ ከብበን የምንቆም ሁሉ፥ ከእርሱ የሚቀድም በአዘዞ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? በመሥሪያ ቤቴ ብጠይቅ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም የአዘዞ ልጅ ነው።

ቦታውን በሥርዓት የቆፈሩት በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመሩ የስፔን ሊቃውንት ናቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የጠዳና የአዘዞ ገበሬ ግን እንዴት ያንብበው?

አሁን ወደ ራሴ በደል ልመለስ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋራ ኖራ የያዙ ሁለት ጥርብ ድንጋዮች ከዚያ በአህያ ጭነን ለቤታችን መሠረት አድርገናል። ማንም አልከለከለንም፤ እኛም ሌብነት አልመሰለንም፤ ባለቤት የሌለው ድንጋይ ነበርና። ድንጋይ በቦታው ሳለ ለሚቆፍረው ሰው የትኛው ግድግዳ እንደሚቀድም፥ የትኛው ኋላ እንደ ተጨመረ ይነግረዋል፤ ኖራው እንኳ ይመረመራል። በእኛ ቤት ሥር ግን ግድግዳ ከመሸከም በቀር ምንም አልነገረንም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «የካቶሊኮች ፍርስራሽ ለእኛ ምናችን ነው?» አለኝ። ድንጋዩን የተሸከሙት፥ ኖራውን ያቦኩት እኮ የእኛው አያቶች ናቸው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና እንዲጠብቅ ያዛል። ይሁን እንጂ ነጋሪት ጋዜጣ ገበሬ ቤት አይደርስም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ነገሩን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አለቃ አፍ ቢያስነግሩት፥ የቁፋሮውንም ውጤት በአጭር የአማርኛ መጽሐፍ ለየትምህርት ቤቱ ቢያድሉት ምን ይከብዳል? ድንጋይ የወሰደ ሰው ያለ ቅጣት የሚመልስበት ቀንም ይቈረጥ።

የአባቴ ቤት አምና ፈርሶ ሁለቱ ድንጋዮች ወጥተዋል። ለማን እንደማስረክብ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄ «ነገ ና» ከመባል በቀር መልስ አላገኘሁም። የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር በዚሁ ዓምድ ይንገረኝ፤ እስከዚያው ድረስ በግቢዬ፥ በቆርቆሮ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የጠዳ ተወላጅ